ለደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ የትኛው አውቶቡስ ይሻላል? ናፍጣ፣ ባትሪ ወይስ ሃይድሮጅን

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ለአውቶቡስ ምንም አይደለም፤ ፈተናው ያለው ዳገቱ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት ተገትሯል። አውቶቡስ ሻጮች ይዘውት የሚመጡት ባለ ቀለም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ለሜዳማ ከተማ የተዘጋጀ ነው፤ "በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል" የሚለው ቁጥር ሐረጎን ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀንስ አይናገርም።

ይህ መመሪያ አውቶቡስ የመግዛት ውሳኔ ለሚጠብቃቸው ነው፦ ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለትራንስፖርት ማኅበራት፣ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ለሚያሰማሩ ፋብሪካዎች። ፍርዴን አልደብቅም። ገንዘቡ የእኔ ቢሆን ዛሬ ለዚህ መስመር የምገዛው ባለ ባትሪ አውቶቡስ ነው። ሃይድሮጅንን ግን በአንድ ቃል ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ ናፍጣም ቢሆን የሚነገርለት ነገር አለው።

የሃይድሮጅን አውቶቡስ ምን ዓይነት መኪና ነው?

ብዙ ሰው ሃይድሮጅን እንደ ቤንዚን ሞተር ውስጥ የሚቃጠል ይመስለዋል። እንዲህ የሚሠሩም አሉ፤ ዛሬ ለከተማ ትራንስፖርት በስፋት የሚቀርበው ግን የነዳጅ ሴል አውቶቡስ ነው። እርሱም የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከባትሪው አውቶቡስ የሚለየው ኤሌክትሪኩን እዚያው መኪናው ላይ በማመንጨቱ ነው። ጣሪያው ላይ ባሉ ጋኖች በ350 ባር ግፊት የታመቀው ሃይድሮጅን ነዳጅ ሴሉ ውስጥ ከአየር ከሚገኘው ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ከዚህ ውህደት ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ ይገኛል። በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። ዊልያም ግሮቭ የተባለው የዌልስ ሳይንቲስት ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። በአውቶቡስ ደረጃ በሰፊው የተሞከረው ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነው፤ ለንደን፣ ሐምቡርግና ማድሪድን ጨምሮ ዘጠኝ የአውሮፓ ከተሞች ሦስት ሦስት አውቶቡስ ተረክበው መንገደኛ አመላለሱባቸው።

ለምሳሌ የሶላሪስ ኩባንያ ባለ 12 ሜትር የሃይድሮጅን አውቶቡስ 37.5 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ነዳጅ ሴሉ 70 ኪሎ ዋት ያመነጫል፤ ከጎኑም 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የምትይዝ ትንሽ ባትሪ አለችው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ሐረጎ ላይ እንፈልጋቸዋለን።

ኤሌክትሪኩ ሁለት ጊዜ ሲመነዘር

በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው፤ ያ ሃይድሮጅን አውቶቡሱ ላይ ጭስ ባይኖረውም ፋብሪካው ላይ አለው። ንጹሑ ሃይድሮጅን የሚገኘው ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ነው። እኛ አገር ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የባትሪው አውቶቡስም የሃይድሮጅኑም አውቶቡስ የሚነሡት ከዚያው ከአንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ጥያቄው ከተመሳሳዩ ኤሌክትሪክ ማን የበለጠ መንገድ ያወጣል የሚለው ነው።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። እስከ 350 ባር ለማመቅ ደግሞ ጥቂት ይጨመርበታል። ነዳጅ ሴሉ ይህን አንድ ኪሎ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመልሰው የሚገኘው 16 ወይም 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የቀረው በየመንገዱ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ያንኑ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት በቀጥታ ባትሪ ላይ ብትሞሉት ከ45 የማያንሰው ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል። ብርን ወደ ዶላር መንዝሮ ዶላሩን መልሶ ወደ ብር እንደ መመንዘር ነው፤ መንዛሪው በሁለቱም በኩል የራሱን ይቆርጣል።

የፈረንሳይዋ ሞንፔሊየ ከተማ 51 የሃይድሮጅን አውቶቡሶችን ለመግዛት ከወሰነች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ እቅዱን የሰረዘችው በዚሁ ምክንያት ነው። በከተማዋ ስሌት የሃይድሮጅኑ አውቶቡስ የኃይል ወጪ በኪሎ ሜትር 95 የዩሮ ሳንቲም፣ የባትሪው ደግሞ 15 ሳንቲም ይሆን ነበር። ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ሐረጎ ላይ ስሌቱ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ መንገዳችን። መንገደኛ የጫነ ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ 18 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት ከኮምቦልቻ ደሴ፣ 650 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 32 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ስለሆነ የአውቶቡሱ ስም ቢቀየር አይቀየርም። የጎማው ሰበቃ፣ የነፋሱ ግፊትና በየፌርማታው ቆሞ መነሣቱ ሲጨመር ዳገቱ በጠቅላላ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግምታዊ ስሌት ነው፤ የተሳፋሪውና የአሽከርካሪው ጠባይ ወዲያና ወዲህ ሊያደርገው ይችላል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያ 32 ኪሎ ዋት ሰዓት መመለስ ይፈልጋል። በናፍጣ መኪና ሲሆን የሚመለሰው በሙቀት መልክ ነው፤ ከሐረጎ ጥምዝ ላይ ከባድ መኪናዎች በከባድ ማርሽ ሲወርዱ የሚሸተው የተቃጠለ ፍሬን፣ ከኮምቦልቻ በብር ተገዝቶ የወጣው ናፍጣ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሲወርድ ጄነሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እያዘገመ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በደንብ የተዘጋጀ ባለ ባትሪ አውቶቡስ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚፈጀው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ብዙ ካልቆመ ጥቂት አትርፎም ሊደርስ ይችላል። የፍሬን ሸራውም ዕድሜ ይረዝማል፤ ይህን መንገድ ለሚያውቅ የጋራዥ ባለሙያ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ተጨማሪ መቀበል አይችልም። አውቶቡሱ ሌሊቱን ደሴ ላይ መቶ በመቶ ተሞልቶ ጠዋት ቢነሣ፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ያጣል፤ ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዋናው የኃይል መሙያ ጣቢያ ኮምቦልቻ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ደሴ የሚያድሩት ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ባይሞሉ ጥሩ ነው። የሃይድሮጅኑ አውቶቡስም ችግሩን ይጋራል፤ እንዲያውም ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ቦታው ቶሎ ይሞላበታል።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓቱ የሚያልቀው በ40 ደቂቃ ውስጥ ነው። 70 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ነዳጅ ሴል አቅሙን ሳይሰስት ቢሰጥ እንኳ በዚያ ጊዜ 47 ብቻ ያመነጫል። ቀሪው ከትንሿ ባትሪ መምጣት አለበት። ይቻላል፤ ግን አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ባትሪው ካልተሞላ መውጣቱ በጣም አዝጋሚ ይሆናል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። 2500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነዳጅ ሴል የሚተነፍስ ዕቃ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኮምፕረሰሩ የበለጠ መድከም አለበት፤ ለዚያም ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ይበላል። ናፍጣ ሞተርም በቀጭን አየር ይደክማል፤ ቱርቦ ቻርጀር ያቃልልለታል እንጂ አያድነውም። ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍሱም። ሐረጎ ለእነርሱ ያው ዳገት ነው።

ነዳጅ ሴል የሚስበው አየር ንጽሕናም ያስፈልገዋል። ውስጡ ያለውን ፕላቲነም የናፍጣ ጭስ ውስጥ ያሉት ሰልፈርና የናይትሮጅን ውህዶች ያዳክሙታል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ ምን እንደሚስብ የምናውቀው ነው። ጥሩ ማጣሪያ አለ፤ ግን በወቅቱ መለወጥ አለበት፤ ማጣሪያውም ከውጭ የሚመጣ ነው።

የአንድ ቀን ሥራ በሦስቱም ዓይነት

አሥር አውቶቡሶች በቀን አምስት አምስት ደርሶ መልስ ቢሠሩ፣ በአጠቃላይ 50 ደርሶ መልስ ይሆናል። ባትሪዎቹ ከመስመር የሚስቡት 3600 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለሃይድሮጅኖቹ 200 ኪሎ ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፤ ይህን ለማምረትና ለማመቅ ወደ 11,500 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ናፍጣዎቹ ደግሞ ወደ 1000 ሊትር ይጨርሳሉ፤ እያንዳንዱ ሊትር ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ በቀን ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ነው።

ስለ ውሃው የሚጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ደሴ የውሃ ነገር ስለሚያሳስባት ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ለ200 ኪሎ ሃይድሮጅን ከ2 እስከ 4 ሺህ ሊትር ይበቃል። አንድ አነስተኛ ቦቴ ማለት ነው። የሃይድሮጅን ዕዳው ኤሌክትሪኩ ነው።

ሃይድሮጅን የሚበልጥበት ቦታ ይኸውና፦ ጊዜ። ጋኑ በአሥር ደቂቃ ይሞላል፤ በአንድ ሙሌትም አምስቱንም ደርሶ መልስ ሠርቶ ይተርፈዋል። 350 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተጠነቀቀ አያያዝ አራት ደርሶ መልስ ይሠራል፤ ለአምስተኛው ቀትር ላይ ተሳፋሪ በሚቀንስበት ሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል መቆም አለበት። መናኸሪያ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ መኪናዎች ከዚያ በላይ ሲቆሙ እናያለን፤ ስለዚህ ይህ ለዚህ መስመር ትልቅ ጉዳት አይመስለኝም። ለረጅም መስመር ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው የሃይድሮጅን ብልጫ ማከማቸቱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ኤሌክትሪክ ሲኖር አምርቶ፣ ሲጠፋ ከጋን መቅዳት ይቻላል። ይህን ነጥብ የባትሪ ደጋፊዎች ቶሎ ያልፉታል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ያደረ የባትሪ ጋራዥ ጠዋት ላይ ተሳፋሪውን ሜዳ ላይ ይጥላል። መፍትሔው አሉን የሚባሉትን የናፍጣ አውቶቡሶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አለማስወገድ ነው፤ ከአሥር ሁለቱን ለክፉ ቀን ማቆየት። ትራንስፎርመሩንም ከሰፈር መስመር ለይቶ ማስገባት ግድ ነው።

ማደያው የት ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ የሃይድሮጅን ማደያ የለም። ስለዚህ የሃይድሮጅን አውቶቡስ የሚገዛ ሰው አውቶቡስ ብቻ አይገዛም፤ ማምረቻ፣ ኮምፕረሰር፣ ማከማቻ ጋንና መቅጃ አብሮ ይገዛል። ከጅቡቲ በመኪና ይምጣ እንዳይባል፣ 40 ቶን የሚመዝን ከባድ መኪና በብረት ሲሊንደሮች የሚጭነው ሃይድሮጅን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ የብረቱ ነው። ካናዳ ውስጥ የዊስለር ከተማ ለ2010ሩ የክረምት ኦሊምፒክ 20 የሃይድሮጅን አውቶቡሶችን አሰማርታ ነበር። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከአገሪቱ ማዶ፣ ከኩቤክ በመኪና ተጭኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አውቶቡሶቹ ቆሙ፤ ናፍጣ ተመለሰ። በአንጻሩ የቻይናዋ ዣንግጃኮ በአካባቢዋ በነፋስ ኃይል ሃይድሮጅን እያመረተች ለ2022ቱ ኦሊምፒክ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውቶቡሶችን አሰማርታለች፤ ተራራማ ከተማም ናት። የሁለቱ ልዩነት ማምረቻው ያለበት ቦታና ከኋላው የቆመው የመንግሥት ድጎማ ነው።

የባትሪው መሠረተ ልማት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ከፍተኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ኃይል መሙያ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ግን የመብራት ኃይል ባለሙያዎች የሚያውቁት ዕቃ ነው። በ350 ባር የሚሠራ ኮምፕረሰር ሲበላሽ ማን ይጠግንልናል?

ለናፍጣ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ ማደያው አለ። ናፍጣው መኖሩ ነው የሚያጠራጥረው። ማደያ በር ላይ የሚያድረውን ሰልፍ ያየ አሽከርካሪ፣ በጀሪካን በእጥፍ ዋጋ የገዛም፣ "ርካሽ" የሚባለው አውቶቡስ ርካሽ ሆኖ የሚቀረው በወረቀት ላይ መሆኑን ያውቃል። ናፍጣ በዶላር የሚገዛ ነው፤ ኤሌክትሪክ በብር። ያም ሆኖ ናፍጣ መኪናን ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ያለ የትኛውም ጋራዥ ይፈታዋል፤ መለዋወጫውም እዚሁ ይገኛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደኅንነት

ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ይቀላል፤ ሜዳ ላይ ቢያፈስ ሽቅብ ብን ብሎ ይሄዳል። የሚያስፈራው ጣሪያው የተዘጋ ጋራዥ ነው። እዚያ ጣሪያ ሥር ይከማቻል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኖርዌይ ውስጥ አንድ የሃይድሮጅን ማደያ ፈንድቶ ማደያዎች ለጊዜው እንዲዘጉ ሆኗል። የባትሪ እሳት ደግሞ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፤ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይነሣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ከሌሎቹ የተረጋጋ ስለሆነ እርሱን መጠየቅ ይሻላል። በሁለቱም በኩል የከተማው እሳት አደጋ ሠራተኞች አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት መሠልጠን አለባቸው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ለሠራተኛ ሰርቪስ ባትሪ ነው፤ ብዙም ማሰብ አያስፈልግም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ወይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አካባቢ ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ጠዋትና ማታ ሮጦ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ፋብሪካው ደግሞ ከፍተኛ መስመር ቀድሞ ገብቶለታል።

ለደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውኃ ሆጤ ለሚመላለሰው፣ ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ ራሱ ስሕተት ነው። መንገዱ ጠባብ፣ መታጠፊያው ቅርብ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። የቅጥቅጥ መጠን ያለው፣ 8 ሜትር የማይሞላ ባለ ባትሪ አውቶቡስ ይበቃል። በዚህ መጠን የሚሸጥ የሃይድሮጅን አውቶቡስ ምርጫ ጠባብ ነው።

ለደሴ–ኮምቦልቻ መደበኛ መስመር፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ባትሪ፤ ከሁለት የናፍጣ መጠባበቂያ ጋር። ዋጋውን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ገበያ ባለ 12 ሜትር የሃይድሮጅን አውቶቡስ ወደ 600 ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ሲጠየቅበት የባትሪው ከዚያ ያንሳል፤ የቻይና ባትሪ አውቶቡስ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የሚያውቅ ሰው እየበዛ መምጣቱም ለባትሪው ወገን ይቆጠራል።

ከደሴ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣርማበርን አቋርጦ ለሚሄደው ግን አልቸኩልም። እዚህ ላይ ባትሪው ከባድ ይሆናል፤ መካከል ላይ መሙያ ይፈልጋል። ሃይድሮጅን አንድ ቀን በዚህ በኩል ቢገባ ብዙ አይደንቀኝም፤ በተለይ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ማደያውን ቀድመው ካስገነቡት፣ ወጪው ይከፋፈላል። እስከዚያው ለሩቁ መስመር ያለውን ናፍጣ በደንብ ጠግኖ መጠቀም አያሳፍርም።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ሻጩ አንድ አውቶቡስ አምጥቶ ሙሉ ተሳፋሪ በሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ጭኖ ከኮምቦልቻ ደሴ በተከታታይ እንዲወጣና እንዲወርድ ጠይቁ። የሚጻፈው ፍጆታ በዚያ ይለካ እንጂ በወረቀቱ አይሁን። የባትሪው ዋስትና በዓመት ብቻ ሳይሆን በቀሪ አቅም ይገለጽ፦ ከስንት ዓመት በኋላ ስንት በመቶ? ለነዳጅ ሴል ደግሞ የሥራ ሰዓቱን ጠይቁ፤ 25 ሺህ ሰዓት የሚባል ከሆነ፣ በየትኛው ከፍታ እንደተለካ ጨምሩበት። መለዋወጫው አገር ውስጥ ተቀምጦ እንዲረከብ፣ ሁለት የጋራዥ ባለሙያዎችም በሻጩ ወጪ እንዲሠለጥኑ ይጻፍ። አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ላይ ሲበላሽ አዲስ አበባ ተጎትቶ የሚሄድ ከሆነ የጉተታው ሒሳብ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ፊርማ አይቀመጥ።